ያልታጠበ ብረት

«አቦ፣ ጭቃው ላይ ነው እንዴ የምትቀባው?»

የግቢውን የብረት በር ይቀባ የነበረው ሙሜ ቡሩሹን እንደያዘ ቀና አለ። የቤቱ ባለቤት ልጅ ፈርዶሳ ነበረች። ጭሮ ውስጥ ያን ሁሉ በር ሲቀባ እንዲህ ያለ ዓይን ገጥሞት አያውቅም!

«ቀለሙ ይሸፍነዋል» አላት እየተርበተበተ።

«ይሸፍነው ይሆናል፤ መች ይይዛል!» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነበር። ክረምት ሲገባ የበሩ ግርጌ ተላጠ። ያኔ ግን ሁለቱ ተዋደው፣ ሳይተያዩ መዋል አቅቷቸው ነበር።

ሙሜ ጎጆ መውጫ ፍለጋ ጅቡቲ ወረደ፤ ወደብ ላይ መርከብ ቀቢ ሆነ። ድርሻው ውሃው የሚነካው የመርከቡ ወገብ ነው። አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ ቶሎ የሚዝገው እሱ ነውና፣ ይፋቃል፣ ጨዉ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ይቀባል።

አንድ ቀን ፈርዶሳ እያለቀሰች ደወለች።

«የሂርና ነጋዴ ሽማግሌ ልኳል። አባቴ ‹ያ ልጅ እስከ ጁምዓ ራሱ ካልመጣ ለዚህኛው እሰጣለሁ› አለ።»

«ወላሂ እመጣለሁ!»

ለመድረስ ሲጣደፍ ጨዉን ማጠቡን ዘለለው። መርከቡ ጭነት ይዞ ውሃ ሲነካው ቀለሙ አረፋ እያወጣ ተነሣ። አሠሪው ካቦ በንዴት አበደ።

«ያበላሸኸውን ፍቀህ ሳትጨርስ ንቅንቅ አትልም!»

ሐሙስ ደወለላት። «ፈርዶሳዬ፣ መርከቡ ሳያልቅ...»

«መርከቡ በለጠብህ?» ብላ ዘጋችበት። ደጋግሞ ሞከረ፤ አላነሳችም።

ጭሮ ሲደርስ ኒካሁ ታስሯል፤ ሙሽራዋ ወደ ሂርና ልትሸኝ ነው። ሙሜ የሚሆነውን አጣ። ባልዲ፣ ቡሩሽና ቀለም ይዞ እዚያው ያኔ በቀባው በር ሥር ተንበረከከ።

ፈርዶሳ ወጣች። «ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጠብኩ። መርከቡንም ሳላጥብ ቀብቼ ነው የቀረሁብሽ። ወዳንቺ ስጣደፍ...»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ ስደውል አፈርኩ። ሳይታጠብ እንደማይይዝ አንቺ ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር።»

እንባዋ ወረደ። ሂና በተቀባ እጇ ባልዲውን አንስታ፣ እሱ ሲያሽ እሷ ውሃውን አፈሰሰችለት። ከዚያ ከውስጥ ጠሯት፤ መኪናውም ይዟት ሄደ።

ሙሜ ብረቱ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲደርቅ ቀባው።

በሩ እስከ ዛሬ አልተላጠም። ፈርዶሳ አባቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር፣ ጎንበስ ብላ ግርጌውን ዳሰስ ታደርግና ትገባለች።