የእሜቴ አዲስ ዓይኖች

የእሜቴ ግራ ዓይን ከጉድጓዱ ወጥቶ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ኮፈኗም ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጠች አሮጊት መስላለች።

«ቀስ በል አንተ!» አሉ አያትየው ከበርጩማቸው ላይ። «ዓይን እኮ ነው የያዝከው!»

«አምፖል ነው የያዝኩት፣ ጋሼ» አለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «ዓይን ቢሆን ኖሮ እኔ ጋ አይመጡም ነበር።»

ልጅቷ ሳቀች። አያቷ አልሳቁም።

እሜቴ መኪና ናት፤ ከልጅቷ እናት በዕድሜ የምትበልጥ፣ ክብ ክብ የፊት መብራት ያላት፣ ጠዋት ጠዋት ካልተለመነች የማትነሳ ሰማያዊ መኪና። አያትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ መንዳት ያስተማሩት በእሷ ነው። የከተማው ግማሽ ሾፌር የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ሌላው ግማሽ ፈቃዱን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ተማሪ ሲደነግጥም፣ ሲያስነጥሰውም፣ መሪ ይዞ ስለ ፍቅረኛው ማውራት ሲጀምርም ትእዛዛቸው አንድ ነበር፦ «ዳር ያዝ!» ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ «ጋሽ ዳር ያዝ» ነው የሚላቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀሯቸው ተማሪዎች ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅቷና ገና ጥርሱን እየነቀለ ያለው ወንድሟ ቡጭ። እናታቸው ከሥራ የምትወጣው መሽቶ ስለሆነ፣ ከማጠናከሪያ ትምህርት በኋላ የሚያመጧቸው አያታቸው ናቸው። ልጅቷን «ምክትል» ይሏታል። ጋቢና ተቀምጣ ከፊት ያለውን ሁሉ መናገር ሥራዋ ነው። «ምክትል፣ ሪፖርት!» ሲሏት «በቀኝ ብስክሌት፣ ከፊት ቀይ መብራት» ትላለች። ጨዋታው ከተጀመረ ቆይቷል። ማን እንደጀመረው እንኳ ረስታዋለች።

ባለፈው ሳምንት እሜቴ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ደፈጠጠችው። እናትየው ያን ዕለት ብዙ አልተናገረችም። «አባዬ፣ በቃ፣ ይቅርብዎት» ብቻ አለች። እሳቸውም «የመብራቱ ጥፋት ነው! ይኼ አሮጌ መብራት ከክብሪት አይሻልም» ብለው ማሉ። ክርክሩ ያለቀው በስምምነት ነው፦ መብራቱ በዘመናዊ ኤልኢዲ አምፖል ይቀየር፤ ከዚያ ይታያል።

ለዚህ ነው ዛሬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብልጭታ ጋ የመጡት። ብልጭታ የሚባለው አንድ ቅንድቡ ሽቦ ሲያገናኝ ተቃጥሎ በወጉ ስላልበቀለ ነው። እሱም መንዳት የተማረው ከእሳቸው ነው።

«የድሮው ሽቦ ችግሩ ምን መሰለሽ» አላት ልጅቷን፣ ከባትሪው አዲስ ሽቦ እየሳበ። «ኃይሉ መብራቱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚሁ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ስደርስ አልቄ ነው።»

ግድግዳው ላይ በጠመኔ አግድም መስመር አሰመረ። መብራቱ ከመስመሩ በታች መውደቅ አለበት። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነው።

ግድግዳው ወተት የተደፋበት መሰለ። ጥጉ ላይ ያለው የሸረሪት ድር ክሩ አንድ በአንድ ታየ። ልጅቷ በእጇ ዓይኗን ከለለች።

«እህስ፣ ጋሼ?»

አያትየው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ወደ ግራ ዞሩ፤ ወደ ቀኝ ዞሩ። «ይሻላል» አሉ። «ይሻላል፤ ግን ደከም ያለ ነው።»

«ደከም?»

«ጭጋግ ጭጋግ ይላል።»

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ከፈለጉ እንግዲህ ፀሐይን ፈትቼ ነው የምገጥምልዎት።»

«አትቀልድ። ወደ ላይ ከፍ አድርገው በቃ።»

«እሱስ አይሆንም። ከመስመሩ ካለፈ ከፊት የሚመጣውን ሰው ነው የማሳውረው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

ብልጭታ ልጅቷን አየት አደረጋት። ከዚያ ንጹሕ የሆነ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በመብራቱ የሚሳበብ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ የመንገዱን ጫፍ አየች። አያቷ ድሮ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ማንኛውም ተማሪ መሪ ከመንካቱ በፊት እዚህ በር ላይ ይቆምና ከወዲያኛው ዛፍ ሥር የምትቆመውን የልብስ ሰፊውን መኪና ታርጋ ያነባል። ያላነበበ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«አባባ» አለች እንደ ቀልድ፣ «እስቲ የልብስ ሰፊውን ታርጋ ያንብቡልኝ።»

«እኔን ነው የምትፈትኚው? አንቺ ጉደኛ!» ወደ ዛፉ ዞር አሉ። ግጥም በቃሉ እንደሚወጣ ልጅ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አንድ!» አሉ።

ከዛፉ ሥር የቆመው የአዲሱ ተከራይ ነጭ የጭነት መኪና ነው። ልብስ ሰፊው ያቺን ቀይ መኪናውን ሸጦ ከተገላገላት ሰንብቷል።

«ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት፣ አባባ።»

ውሸቱ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ወጥቶም አልተመለሰም።

አያትየው ደስ አላቸው። ከጋቢናው ሳጥን ካቻቢቴ አውጥተው ሰጧት። «ብልጭታ ፈሪ ነው። ነይ፣ ከመብራቱ አናት ላይ ያለችውን ብሎን ወደ ቀኝ አዙሪያት። ትንሽ ቀና ይበል። ለእናትሽ ደግሞ ብልጭታ እንደሠራው ነው በያት፤ አለበለዚያ እሜቴን ለቆርቆሮ ገዢ ነው የምትሰጣት።»

ለምን ራሳቸው እንደማያዞሩት አልጠየቀችም። ብሎኗ ትንሽ ናት። በአንዱ መብራት ሩብ ዙር፣ በሌላውም ሩብ ዙር አዞረች። ያን ጊዜ ነው የሪፖርቱን ጨዋታ የጀመሩት እሳቸው እንደሆኑ ትዝ ያላት።

እራት ላይ እናትየው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። «እህስ? መብራቱስ?»

«አውሮፕላን ነው የሚመስለው!» አለ ቡጭ፣ አፉን ሞልቶ።

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ዋጥ መጀመሪያ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ። ደህና ነው? ነገ አምኜ ልላካችሁ?»

ልጅቷ አያቷን አየች። ጨው እየፈለጉ ነበር። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ እየተንሸራተቱ ሄደው ብርጭቆ ነኩ፤ አለፉት፤ ማንኪያ ነኩ፤ ከዚያ ጨው ማስቀመጫውን አገኙ። ይህን ሲያደርጉ ሁልጊዜ ታያቸዋለች። የሽማግሌ ነገር ይመስላት ነበር።

«ደህና ነው» አለች።

እናትየው ተነፈሰች። ጫማዋን አወለቀች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሰማዩ ደንገዝገዝ ብሏል። ቡጭ ከኋላ ተቀምጦ የጽሕፈት መሣሪያ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሜቴ ተለምና ተነሳች፤ አዲሶቹ ዓይኖቿም በሩ።

«ምክትል፣ ሪፖርት!»

«በቀኝ... የቆመ ታክሲ። ከፊት ቀይ መብራት።» እሜቴ ቆመች። «አረንጓዴ።» እሜቴ ተንቀሳቀሰች።

ትናንትና ይህ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ግን አይደለም። መሪውን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ የምትነዳው ግን እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ የላትም። ነገ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለባት።

ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገባቸው። ቀጥሎ ሌላውም።

«አየሽ?» አሉ አያትየው ፈገግ ብለው። «ተማሪዎቼ መሆን አለባቸው። ሰላም እያሉኝ ነው።» እጃቸውንም አንስተው አጸፋውን መለሱ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«እህቴ! ማስመሪያዬ ከወንበሩ ሥር ገባ!»

«ቆይ፣ ቡጭ።»

«ሊሰበር ነው! እግሬ ሥር ነው!»

ዞረች። እጇን ሰዳ ማስመሪያውን ያዘች፤ ለወንድሟ አቀበለች። ይኼው ነው። ፊቷን ስትመልስ አንዲት ሴት የትንሽ ልጇን እጅ ይዛ የእግረኛው መሻገሪያ መሐል ላይ ነበረች። ሴትየዋ ብርሃኑ ዓይኗን ስለወጋት በክንዷ ፊቷን ሸፍናለች። ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል፤ የልጁ የተፈታ የጫማ ክር ሳይቀር። እሜቴ ግን ፍጥነቷን አልቀነሰችም።

«ፍሬን! አባባ፣ ፍሬን!»

ጎማው ጮኸ። ቡጭ ከወንበሩ ጀርባ ጋር ተላተመ። እሜቴ ስትቆም ከሴትየዋ ቀሚስ ክንድ አይሞላም የቀራት። ሴትየዋ ልጁን አቅፋ በባዶ እጇ ኮፈኑን መታችው።

«አያዩም እንዴ?! ይህን ሁሉ መብራት ይዘው አያዩም?!»

መልስ አልጠበቀችም። ልጁን እንዳቀፈች ተሻገረች። ልጁ በትከሻዋ ላይ ሆኖ፣ እስኪርቅ ድረስ እሜቴን ያያት ነበር።

«ከየት መጣች?» አሉ አያትየው ዝግ ባለ ድምፅ።

«እኔ አይቻታለሁ» አለ ቡጭ ከኋላ፣ ግንባሩን እያሸ። «ቆማ እየጠበቀች ነበር።»

ከኋላቸው አንዱ ክላክስ ነፋ። አያትየው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ምክትል... ሪፖርት።»

መንገዱ ክፍት ነው። ሁለት መታጠፊያ ቀርቷቸዋል። «ክፍት ነው» ብትል ቤት ይደርሳሉ። እናትየው «ደህና መጣችሁ?» ትላለች። ነገም ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም። እሜቴም አትሸጥም።

«አባባ» አለች። «ዳር ይያዙ።»

ያን ቃል በዚያች መኪና ውስጥ ለእሳቸው የተናገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ወዲያው ወደ እሷ አልዞሩም። እጃቸው ግን ቃሉን ያውቀዋል፦ የቀኝ ፍሬቻ አበራ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ መሪውን ቀስ አድርጎ አዞረ። በልማድ ስፖኪዮውን እንኳ አዩ። እሜቴ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ተጠግታ ቆመች። ሞተሩን አጠፉ።

«ፍሬቻ አብርቻለሁ?»

«አብርተዋል።»

«ከጠርዙ አልራቅኩም?»

«አልራቁም፣ አባባ። ልክ ነው።» ይህኛው እውነት ነበር።

አያትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐኪሙ ከነገረኝ ቆየ» አሉ። «የዓይን ነርቭ ነው አለኝ። የሄደው አይመለስም አለኝ።»

«ታዲያ መብራቱን ለምን...»

«ሐኪም ይሳሳታል ብዬ ነዋ።» በእጃቸው ዳሽቦርዱን ዳበሱት። «ምናልባት መብራቱ ይሆናል ብዬ።»

ቡጭ እንኳ ሳጥኑን መክፈትና መዝጋት አቁሟል። ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

«ለእማዬ ልደውልላት ነው።»

«እኔ ልንገራት» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ቁጥሩን እሷ መታች፤ ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እኔ ነኝ... አዎ፣ ሁላችንም ደህና ነን... ዳቦ ቤቱ ጋ ነን። መጥተሽ ልጆቹን ውሰጃቸው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይ፣ እሜቴ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ።»

እናትየው እስክትመጣ ልጅቷ ካቻቢቴውን ይዛ ወረደች። ኮፈኑን ከፍታ ሁለቱንም ብሎኖች ወደነበሩበት መለሰች። ብርሃኑ ከመንገደኞቹ ፊት ወርዶ አስፋልቱ ላይ አረፈ። ተመልሳ ጋቢና ገባች። አያቷ አሁንም መሪውን እንደያዙ ናቸው።

«ምክትል» አሉ፣ ወደ ፊት እያዩ። «ሪፖርት።»

«ዳቦ ቤቱ እየተዘጋ ነው። ሴትየዋ መዝጊያው አልወርድ ብሏት በእግሯ እየመታችው ነው። አንድ ውሻ ፍርፋሪ እየጠበቀ ነው።»

«ምን ዓይነት ውሻ?»

«ቡናማ። አንድ ጆሮው የታጠፈ።»

«ኮራ ያለ ነው?»

«እንደ እሜቴ ነው» አለች፤ ሳቃቸውን ሰማች።

ከመንገዱ ማዶ እናቷ ቦርሳዋን እንደያዘች እየሮጠች ስትመጣ አየቻት። ልጅቷ ስለ ውሻው መናገር ቀጠለች። እናቷን ለጊዜው ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባቻትም።