የዓርብ ምሽቱ ኳኳታ

ማርሴላ ኪንታና የገዛችው ቤት ገና አንድ ቀን እንኳ ሳታድርበት ሬሳ ወጣበት። ሰኞ ረፋድ ላይ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ደም ግፊት እየለካች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«መርማሪ ኦዴት ጀርሜን ነኝ፣ ከፖሊስ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የአራት ሲ ቤት ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ምነው፣ ውሃ ፈሰሰ እንዴ?»

«ውሃ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ቶሎ ነይ።»

በሰሜን ማንሃተን ያለው ያ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ነዋሪውም እንደ ግድግዳው ነው። ገንዘብ ስላለው ብቻ ዘው ብሎ የሚገባበት የለም። የነዋሪዎቹ ቦርድ ገዢውን አስቀርቦ ያገላብጠዋል፤ ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንዲያ አያጣራም። ማርሴላ ያን ፈተና አልፋ የሃያ ሁለት ዓመት የነርስነት ጥሪቷን አንዲት መኝታ ቤትና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ላይ አፍስሳለች። የኪራይ ቤቷንም ለመልቀቅ ፈርማለች። ይህ ቤት ከእጇ ከወጣ መግቢያ የላትም።

የሞቱት የቦርዱ ሊቀ መንበር ሚስተር ሄርሽ ዋክስማን ናቸው። ከወጥ ቤቷ ግድግዳ ጀርባ ድሮ ቆሻሻ በገመድ ይወርድበት የነበረ፣ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት የሚዘልቅ ጉድጓድ አለ። በየፎቁ ያለው አፉ ከታሸገ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ዓርብ ዕለት የእድሳት ሥራ ተቋራጩ ስታቭሮስ የበሰበሰውን ልስን ሲያራግፍ የአራት ሲ አፍ ተናደ። ሰኞ ጠዋት የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ ባሽኪም ፍርስራሹን ሊያወጣ በምድር ቤት ያለውን የጉድጓዱን በር ሲከፍት፣ ሊቀ መንበሩን እዚያው ተኮራምተው ሞተው አገኛቸው።

መርማሪዋ አጭር፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ማስቲካ የምታላምጥ ሴት ነበረች። ማርሴላ ስትገባ ወጥ ቤቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርምጃ ትለካ ነበር። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«ዓርብ ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል። ከላይ አምስት ሲ ያሉት ሚስ አልድሪች ‹ከሁለታችን አንዳችን ከዚህ ሕንፃ እንወጣለን› ስትዪ ሰምተውሻል።»

ማርሴላ አልካደችም። «ብያለሁ። አሥር ሰዓት፣ ሥራ ማቆሚያው ላይ መጡ። ባትሪ ይዘው ጭንቅላታቸውን በቀዳዳው አስገቡና ሽቅብ አዩ። ከዚያ ‹ሥራው ይቁም፣ ይህንን ማንም እንዳይነካው› አሉ። ምክንያት የለ፣ ምን የለ! ደሜ ፈላ። ተሳድቤ ወጣሁ፣ ቀዝቀዝ ሲለኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጠርግ ተመለስኩ።»

«ቀዳዳው ምን ያህል ነበር?»

«ጭንቅላት ብቻ ነው የሚያስገባው። ትከሻ አያሳልፍም።»

ኦዴት ወደ ግድግዳው አየች። ማርሴላም አየች። ቀዳዳው በሬ ያሳልፋል።

«ስታቭሮስ!» አለች ማርሴላ፣ በሩ አጠገብ ወደቆመው ተቋራጭ ዞራ። «ንገራቸው እንጂ!»

ተቋራጩ አይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ዓርብ ነው የከፈትኩት። ሙሉውን።»

«በእናትህ!»

«ዓርብ ነው አልኩ።»

ማርሴላ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ ቀርቶ ነፃነቷም በዚያ ሰውዬ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ታያት። ኦዴት ወደ አምስት ሲ ወጣች። የጣሪያው ልስን ስለተራገፈ ኮቴዋ ወደ ታች ይሰማል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ማርሴላ ሌላ የምትይዘው ስላልነበራት ቆጠረች። ሰባት።

ኦዴት ተመልሳ ወረደች። «ዓርብ ማታ ስትጠርጊ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። የቤት ማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ነው ሲያንኳኳ የነበረው፣ እንፋሎት ሲገባበት እንደልማዱ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ‹ቤቴ ማውራት ጀመረ› ብዬ ስቄያለሁ።»

ኦዴት ማስቲካ ማላመጧን አቆመች። «በርዶሽ ነበር?»

«ለአቧራው ብለን መስኮቱን ከፍተን ነበር፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ ነው የጠረግኩት። ምነው?»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ስታቭሮስና ባሽኪም ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ሚስ ፕሩደንስ አልድሪች፣ የቦርዱ ጸሐፊ፣ የሰባ ዓመት ቀጥ ያለች ሴት፣ ልብሷ እንዳይነካ ከግድግዳው ራቅ ብላ ቆመች።

«ከቀዳዳው እንጀምር» አለች ኦዴት። «ሚስ አልድሪች፣ ዛሬ ጠዋት ለቦርዱ አቤቱታ ጽፈዋል?»

«ታዲያስ! ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ መዶሻ! ግድግዳ ሲያፈርሱ! ደንቡ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው!»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ሴትዮዋ ለሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም ጩኸት ሳትጽፍ አልፋ አታውቅም።

ስታቭሮስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እ… ያሰፋሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ከተፈቀደው ሰዓት በፊት ጀመረ ከተባልኩ ከዚህ ሕንፃ ዳግመኛ ሥራ አላገኝም። ማርሴላ፣ ይቅር በይኝ።»

«ለአንዲት ሰዓት ብለህ ሴትዮዋን ወህኒ ልታስገባት!» አለ ባሽኪም። «ወንድ ነህ አንተ?»

«እንግዲህ ዓርብ ከዚህ አልወደቁም» ስትል ኦዴት ቀጠለች። «ሲ የሚባሉት ቤቶች ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ፣ በአንድ ልክ የተሰፉ ናቸው። የማርሴላ ወጥ ቤት ስድስት እርምጃ ነው። የእርስዎ ሰባት። ሚስ አልድሪች፣ ያቺ አንዷ ከየት መጣች?»

«ያ… ቁም ሳጥን ነው።»

«ጉድጓዱ ላይ የተሠራ። የሁሉም የሆነውን ወደ ቤትዎ ቀላቅለዋል። ዋክስማን ከዚህ ቀና ሲሉ ከላይ በጣሪያው መስታወት የሚገባውን ብርሃን ማየት ነበረባቸው፣ ያዩት ግን የእርስዎን ወለል ነው። ሥራው ይቁም ያሉት ማርሴላን ጠልተው አይደለም፣ ማስረጃው እንዳይነካ ብለው ነው። ከዚያ ወደ እርስዎ ወጡ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ረገጡት፣ የበሰበሰው ጣውላ ከዳቸው። አሁን ያለው ጣውላ አዲስ ነው።»

«ከኮሪደሩ ሦስት ጣውላ ጠፍቶብኝ ነበር!» አለ ስታቭሮስ።

«አልገፋሁትም!» ሚስ አልድሪች ጮኸች። «ራሱ ነው የገባው!»

«ገፉ አላልኩም።» ኦዴት ከላስቲክ ከረጢት በቀለበት የታሰሩ ቁልፎች አወጣች። የአንዱ ቁልፍ ጫፍ ብርማ ቀለም ይዟል። «ይህ በእጃቸው ነበር። ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ የሚያልፈው የእንፋሎት ቧንቧ ቀለም ነው። ደረታቸው ስለተጎዳ መጮህ አልቻሉም። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል ይላል። ሚስ አልድሪች፣ እርስዎ ዓርብ ማታ ምን ሰሙ?»

«ቧንቧ ነው! ሁልጊዜ ያንኳኳል! ማርሴላም ሳትሰማው አልቀረችም፣ ጠይቋት!»

«ባሽኪም፣ ለቧንቧው እንፋሎት የሚልከው ቦይለር መቼ ጠፋ?»

«ዓርብ ጠዋት፣ ለጥገና። እስካሁን ቀዝቃዛ ነው። በየበሩ ሥር ማስታወቂያ አስገብቻለሁ።»

«ማን የፈረመበት?»

ባሽኪም ወደ ሴትዮዋ አየ። «እሳቸው ናቸዋ። ጸሐፊዋ።»

እንፋሎት የሌለው ቧንቧ አያንኳኳም። ይህን ማንም መናገር አላስፈለገውም።

ሚስ አልድሪች ልብሷን ረስታ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። «ዕድሜዬን የኖርኩበት ቤት ነው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ከቤቴ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩና… ዝም እስኪል ጠበቅኩ።»

ከወሰዷት በኋላ ኦዴት በሩ አጠገብ የተነጠፈውን ላስቲክ ገለጠች። ማስታወቂያው ከሥሩ ነበር፣ በአቧራ ነጭ ሆኖ።

«አልደረሰሽም» አለች። «ሰው ባላወቀው አይጠየቅም፣ እህቴ።»

ማርሴላ አለቀሰች። «ነርስ እኮ ነኝ! ሃያ ሁለት ዓመት ደወል ሲጮህ የምሮጥ ሰው ነኝ። እሳቸው ሲጠሩኝ እኔ ሳቅኩ።»

ቦርዱ እድሳቱን ፈቀደ። ስታቭሮስ ከኀፍረቱ የተነሣ ወጥ ቤቱን ከታሰበው በላይ አሳምሮ ሠራው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ገባችና ባሽኪምንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን እራት ጠራች። ሾርባው ሲወጣ ቧንቧው ማንኳኳት ጀመረ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

እንግዶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ማርሴላ ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሣች፣ ሄዳም መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነበር። እስኪያቃጥላት ድረስ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።