የግራር ጉማጅ

የፈለቀ ፊት በላንድሮቨሩ የግራ የፊት ጎማ ሥር ነበር፤ ከአገጩ በላይ ፊት የሚባል ነገር አልቀረለትም። ከትከሻው አጠገብ ክሪኩ እስከ ጫፉ እንደተዘረጋ በሳሩ ላይ ተጋድሟል። ያየው ሁሉ ሾፌሩ መኪናውን አንስቶ ከሥር ሲገባ ክሪኩ ከዳው ይል ነበር።

ሃምሳ አለቃ ብዙወርቅ ከጂንካ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ፈለቀ የሚሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት ግቢ ስትደርስ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ነገሩን ጨርሰው ጠበቋት። ጎሚስታው ዶላሞ፣ የውስጥ እግሩ እስኪላጥ ተገርፎ፣ እጁ የኋሊት ታስሮ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተጥሏል።

«አድርጌያለሁ በል ነው የሚሉኝ፣ እህቴ» አለ። በከንፈሩ ደም ይወርዳል። «ያላደረግሁትን እንዴት ልበል? ጌታ ያያል።»

«ጌታህን በቅርቡ ታገኘዋለህ» አለ የጠባቂዎቹ አለቃ ሀብተ ማርያም። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ አትድከሚ። ትናንት ገበያ መሃል ከፈለቀ ጋር ሲጨቃጨቅ አገር ሰምቶታል። ፈለቀ ከሥር እንደገባ ክሪኩን በእርግጫ ጣለበት። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ እንሸኘዋለን።»

እንደዚያ ከሚሸኙት ውስጥ የወይጦን ወንዝ ሳያልፉ ተረሽነው የሚቀሩ እንዳሉ ብዙወርቅ ታውቃለች።

«እስከዚያ ሬሳው የእኔ ነው» አለች። «መኪናውን ግፉልኝ።»

ገፍተው አወረዱት። ሬሳውን ገለበጠችው። ማጅራቱ ላይ ጠባብና ጥልቅ ስንጥቅ አለ፤ ደሙ በሸሚዙ ውስጥ እስከ ቀበቶው ወርዶ ደርቋል። ቀጥላ ከጎማው በላይ ያለውን የፓራፋንጎ የውስጥ ጠርዝ ዳበሰች፤ የጎማ ፍቅፋቂ ጣቷ ላይ ቀረ። ክሪኩን አንስታ የፊት ጎማዎቹን ከሚያያይዘው አክስል ሥር አቆመችው፤ ጎንበስ ብላ አየችውና መልሳ አስተኛችው። ከመኪናው ኋላ አንድ የግራር ጉማጅ በገመድ ታስሯል።

የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ሸዋንግዛውን ጥላ ሥር ወሰደችው።

«ይሄን ትልቅ ጎማ ማን አስገጠመ?»

«ፈለቀ ነዋ! ባለፈው ዝናብ፣ እኔን ሳያስፈቅድ። ከወታደር መኪና የወረደ ጎማ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ዶላሞ ከፋብሪካ በመጣው የጎማ ቸርኬ ላይ በግድ ገጠመለት። ጭቃ አይፈራም፤ ግን መሪውን እስከ ጥግ ከጠመዘዝሽ ፓራፋንጎው ይልጠዋል። ፈለቀ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር የሚዞረው።»

«ጉማጁስ?»

«እሱን ተዪኝ። ጎማ በተነፈሰ ቁጥር የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ኃላፊ ተብዬ!»

ነጋሽ ከበሩ አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ከፈለቀ በፊት መኪናዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ በፈለቀ ጥቆማ ተሽሮ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ዱስ መንደር፣ የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ሆነ።

«ትናንት ሲመሽ በጭነት መኪና ገባሁ። ደክሞኝ ተኛሁ» አላት።

«ፈለቀን አላየኸውም?»

«አይቼውስ ምን ልለው? ልጄ በወባ ሲቃጠል ሰው ልኬ መኪና ለመንኩት። አልመጣም። በእኔ መኪና ላይ ተቀምጦ!»

«በአንተ መኪና?»

«አዲስ ስትመጣ የተረከብኳት እኔ ነኝ። ክሪኳን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማስገባው።»

ጭነት መኪናው ዶላሞን ሊወስድ ግቢው በር ላይ ሲቆም፣ ብዙወርቅ ሁሉንም ላንድሮቨሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ፈለቀ ተኝቶ አልተመታም» አለች። «ተኝቶ ቢሆን ደሙ ወደ ሳሩ ይፈስ ነበር፤ የወረደው ግን ወደ ቀበቶው ነው። ቆሞ ሳለ ከኋላው በጎማ ማውለቂያ ብረት ተመታ። ከዚያ መሬት ላይ አስተኝተው መኪናውን ፊቱ ላይ ነዱበት።»

«የሞተሩን ድምፅ ማን ሰማ?» አለ ሀብተ ማርያም።

«ማታ የከተማው ጀነሬተር እየጮኸ? ማንም። የነዳው ሰው ግን መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዞ ጎማውን አስልጧል። ፍቅፋቂው ትኩስ ነው፤ ይህን ጎማ የለመደ ሰው እንዲህ አይጠመዝዝም። አሁን ክሪኩን ከአክስሉ ሥር አቁመው።»

«ሴትዮ፣ መካኒክ ሆነሻል?»

«አቁመው አልኩህ።»

አቆመው። ክሪኩ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ አክስሉን አልነካም፤ ብዙወርቅ በመሃሉ አራት ጣቷን አሳለፈች።

«ክሪኩ ከትንሹ ጎማ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ነው። ጎማው ሲያድግ መኪናው ከፍ አለ፣ ክሪኩ ግን ያው ነው። ፈለቀ በጉማጁ ላይ እያቆመ ነበር የሚሠራበት። ጉማጁ ደግሞ ይኸው፣ እንደታሰረ ነው። ይህ ክሪክ ያልነካውን መኪና እንዴት አድርጎ ይጥላል?»

ክሪኩን በእግሯ ገፍታ ጣለችው።

«ጉማጁን የሚሸከመው ጓድ ሸዋንግዛው ነው። ጎማውን የገጠመው ዶላሞ ነው። ሁለቱም እንዲህ አይሳሳቱም። ክሪኩን እዚህ ያስቀመጠው መኪናዋን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቃት ግን በድሮ ጎማዋ ነው።»

ነጋሽ ከመጋዘኑ ደጃፍ የጎማ ብረት መዝዞ ዘለለባት። ብረቱ ትከሻዋን ጭሮ አለፈ፤ የሀብተ ማርያም የጠመንጃ ሰደፍ የነጋሽ አፍ ላይ አረፈ። ነጋሽ ተንበርክኮ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ።

«ገደልኩት!» አለ። «ልጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የቀበርኩት እኔ ነኝ! አንድ ቀን ሞተር ቢያስነሳ ምን ነበረበት?»

ሀብተ ማርያም ሰደፉን እንደገና አነሳ።

«አትምታው» አለ ዶላሞ። ብዙወርቅ ገመዱን እየፈታችለት ነበር። «ነጋሽ፣ መጥቶልህ ነበር እኮ። ወደ ዱስ ሲመጣ ከዲመካ ወዲያ ጭቃው ዋጠው። ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ሲቆፍር አድሮ ተመለሰ። ልጁ መሞቱን ሲሰማ ወደ እኔ መጣና ትልቅ ጎማ ግጠምልኝ፣ ሁለተኛ ሰው እንዲህ አይሙትብኝ አለኝ። ትናንት የተጨቃጨቅነውም ቸርኬው አይችለውም፣ አውልቀው፣ ይገድልሃል ብዬው ነው።»

ነጋሽ ቀና አለ። «ለምን አልነገረኝም?»

«አፍሮ ነዋ።»

ነጋሽ እጁ እየታሰረ ጎማውን አየ። በጎማው ጥርሶች መሃል የፈለቀ ደም ጠቁሮ ደርቋል።

«በዚህ ጎማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዱስ ይደርስ ነበር?»

ዶላሞ በቆሰለ እግሩ መቆም አቅቶት ፓራፋንጎውን ተደግፏል።

«ይደርስ ነበር።»