የረቡዕ ቢጫ

ሼፉ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰውታል፤ ያለበሰው ሰው እጁ ለምዶበት ኖሮ አራቱንም ጠርዝ እኩል አድርጎ አስተካክሎታል። ከበላዩ ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህን ምግብ ተደርድሯል። ሁለቱ አልተነኩም። ከሦስተኛው አንድ ማንኪያ ስጎ ጎድሏል።

መርማሪው ሬሳው አጠገብ ብዙ አልቆየም፤ እግሩን ያመዋል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ዓይኑ ሁልጊዜ በግማሽ የተከደነ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «እንቅልፋሙ» ይሉታል። ሰምቶታል፤ አይከፋውም። ሰዎች ያንቀላፋ በመሰላቸው ሰው ፊት ብዙ እንደሚናገሩ ያውቃል።

«ኦቾሎኒ ነው» አለው ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ዕድሜ ልኩን ሲሸሸው የኖረ ነገር። አንዴ ቀመሰ፣ ጉሮሮው ተዘጋ። የሚያድነው መርፌ ሦስተኛ ፎቅ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ ሮጠው እስኪያመጡለት አልጠበቀም።»

በዚያ ሆቴል ወጥ ቤት ኦቾሎኒ የሚባል ነገር አይገባም። በሩ ላይ ለሼፉ እንደማይስማማው በቀይ ተጽፎ ተለጥፏል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ነው፤ ፖሊሶቹም በሩብ ሰዓት ውስጥ አገኙት። ከአንዲት ተማሪ ሻንጣ ውስጥ፣ በጨርቅ ከረጢት፣ ተፈጭቶ። ሦስቱንም ሳህን የሠራችው ይህችው ተማሪ ናት።

ከሦስት ወር በፊት ነው የመጣችው፤ ከሌላ አገር፣ ከሆቴል ሙያ ትምህርት ቤት፣ ለሥራ ላይ ልምምድ። አብረዋት የመጡት አንድ የክፍል ጓደኛዋና አስተማሪያቸው ናቸው። ያ ሐሙስ የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር፤ ፈታኙም ሼፉ። አውሮፕላናቸው የሚነሳው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው።

የመርማሪው አለቃ በስልክ ነገሩን አላስረዘመውም። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ልጅቷ ትታሰራለች አለ። መርማሪው በሰው አገር መታሰር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አስተርጓሚ እስኪገኝ፣ ጠበቃ እስኪመደብ፣ ቀጠሮው ሲገፋ ሲገፋ፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ ሁለት ዓመቷን እዚያው ትጨርሳለች። ስልኩን ዘጋና የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ።

መጀመሪያ ያነጋገረው ምክትል ሼፉን ነው።

«እኔን ለመጠርጠር ብዙ አይድከሙ» አለ ምክትሉ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ እንዳለ። «አሥራ አምስት ዓመት ምክትል ነኝ። ልገድለው ብፈልግ ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ያኔ ጉልበቱም ነበረኝ።»

ስጎው የተሠራው ትናንት፣ ረቡዕ ጠዋት መሆኑን ነገረው። ልጅቷ ለፈተናዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ነገር አዘጋጅታ፣ በአራት ባለ ክዳን ፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ ቀዝቃዛው ክፍል አስገባች። ከምሳ በኋላ ሁሉም ለእረፍት ሲወጣ ወጥ ቤቱ ለግማሽ ሰዓት ባዶ ይሆናል። በሩ አይቆለፍም።

መርማሪው ዕቃዎቹን አያቸው። በዚያ ወጥ ቤት የቀን ስም የታተመበት ባለ ቀለም ስቲከር፣ ክዳኑንና ዕቃውን አያይዞ ይለጠፋል፤ ሳይቀደድ አይከፈትም። ጥቅሎቹ በሩ አጠገብ ተሰቅለዋል። ያልተከፈቱት ሦስቱ ዕቃዎች ላይ ያለው የቅዳሜ ሰማያዊ ነው። የስጎው ዕቃ ላይ ያለው ግን የተቀደደ የረቡዕ ቢጫ ነው። መርማሪው መነጽሩን አደረገ። ከቢጫው ሥር የጥፍር ያህል ሰማያዊ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቷል።

ከጥቅሉ አንድ ቢጫ ቆርጦ ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ሸጎጠ።

ልጅቷን አንሶላ የሚታጠፍበት ክፍል አስቀምጠዋታል። እዚያ ሆቴል «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ጠባቂዋ ፖሊስ በሹክሹክታ እንደነገረው፣ ከገባች አላለቀሰችም፣ ውኃም አልጠጣችም፤ ብቻ ፊት ለፊቷ የነበረውን የአንሶላ ክምር ማንም ሳያዛት አጥፋ ጨርሳለች።

መርማሪው ጫማውን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀና ስለ ከተማው ጠየቃት። ከተማውን አላየችውም። ሦስት ወር ሙሉ ከማረፊያ ቤታቸው እስከ ሆቴሉ የኋላ በር ያለውን መንገድ ነው የምታውቀው። ለእናቷ የምትልከው ፎቶ ሁሉ አንድ ቦታ፣ አንድ የአበባ ማስቀመጫ አጠገብ የተነሳ ነው፤ በየሳምንቱ ሻርፕ እየቀየረች። እናቷ ሰፈሩን እየዞረች ታሳየዋለች። ኦቾሎኒውንም የላከችው እናቷ ናት፤ ሦስቱም፣ ቲቸር ጭምር፣ ጠዋት ጠዋት ማረፊያ ቤታቸው ዳቦ ላይ እየነሰነሱ ይበሉታል። ከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው፤ ሻንጣ ውስጥ ያስገባችው ለመሄድ ዕቃ ስታስር ነው።

«ሼፉ ያስቸግርሽ ነበር?»

«ሁሉንም ያስቸግራል።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት፣ ልጄ።»

ጣቶቿን አየች። ትምህርት ቤት የተማሩት ስቲከሩ ምግቡ የተሠራበትን ቀን እንዲናገር ነው። እዚህ ግን የሚጣልበትን ቀን ነው የሚናገረው፤ ከተሠራ በሦስተኛው ቀን። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ስትሳሳት ሼፉ ስቲከሩን ልጦ ግንባሯ ላይ ለጠፈላት። ቀኑን ሙሉ እንደለጠፈችው ዋለች። ከዚያ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም።

አንድ አንሶላ ቀና አድርጋ «ጋሼ፣ ያልተናገርኩት ነገር አለ» አለች።

«እሺ።»

«ዛሬ ጠዋት ስጎውን ሳወጣ ቢጫ ነበር። የረቡዕ። እኔ ሰማያዊ የለጠፍኩ ይመስለኛል፤ ግን ደክሞኛል፣ እንቅልፍም የለኝ… የድሮው ስህተቴ ተመለሰ ብዬ ሼፍ ሳያየኝ ቶሎ ቀድጄ ከፈትኩት።» ድምፅዋ ጠፋ። «ደብቄያለሁ። ጥፋተኛ ነኝ።»

መርማሪው ዓይኑን ከደነ። ጠባቂው ፖሊስ እውነትም ተኛ እንዴ ብሎ ተንጠራርቶ አየው።

የክፍል ጓደኛዋ ምግብ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ይወለውል ነበር። ምግብ ቤቱ ተዘግቷል፤ ብርጭቆውም ጠርቷል። ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ ስለማያውቅ «ዲፕሎማቱ» ብለውታል።

«የመጀመሪያውን ወር ወጥ ቤት ሠራሁ» አለ፤ «ከዚያ ሼፍ ራሱ ፈገግታህ ሽንኩርት አይልጥም ብሎ ወደዚህ ሰደደኝ። አመሰግነዋለሁ። ማለት… ነፍሱን ይማረው።»

መርማሪው ቢጫውን ስቲከር አሳየው። «ይህ የተለጠፈበት ምግብ መቼ የተሠራ ነው?»

«እሁድ» አለ ልጁ ሳያስብ። «ረቡዕ ይጣላል። ሼፍ ኮሪደር ላይ ሲያገኘን ሁሉ ይጠይቀን ነበር። አሁን በህልሜም ይጠይቀኛል።»

ዝምተኛዋ ሰው እንደማትገድል በእናቱ ስም ማለለት። ከዚያ፣ ያልተጠየቀውን፣ አንድ ነገር ጨመረ። ማክሰኞ ዕለት ቲቸር ልትጠይቃቸው መጥታ ሼፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኛት። ሌላ ስም ጠራት። ተሳስተሃል አለችው። ሼፉ ሳቀና አልተሳሳትኩም አለ፤ ሁለቱ ቢሮ ገብተው ቆዩ።

መርማሪው እያነከሰ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ከሼፉ መሳቢያ፣ ከመርፌው ማስቀመጫ ጎን፣ ሦስት መስመር ተጽፎ የተቋረጠ ደብዳቤ አገኘ። አነበበው፤ ኪሱ ከተተው።

አስተማሪዋ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ፣ ሦስት ፓስፖርት ጭኗ ላይ ይዛ፣ ጀርባዋን ሳታስደግፍ ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ገና ሳይቀመጥ «ልጄን ትለቋታላችሁ?» አለችው።

«እሱን ነው የምንሠራው» አለና አጠገቧ ዘፍ አለ። ድካም የሁለቱንም ፊት አንድ ዓይነት አድርጎታል። ወጥ ቤቱን ታውቀው እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ቀን ብቻ፣ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ለጥየቃ እንደመጣች፣ ሥራ ግን ገብታ እንደማታውቅ መለሰች። ስቲከሩን አወጣ።

«እኔ ይሄ ነገር ግራ ገባኝ፣ ቲቸር። ይህን ዕቃ ላይ ባገኝ ምግቡ መቼ የተሠራ ነው?»

ተማሪ ሲጠይቃት የምታሳየው ትዕግሥት ፊቷ ላይ መጣ። «የረቡዕ ነው፤ ተጽፎበታል እኮ። ረቡዕ የተሠራ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለ መርማሪው፤ ከመነሳቱ በፊት ግን ጥቂት ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ሰበሰባቸው። ምክትሉ በር አጠገብ ቆመ። ዲፕሎማቱ ለዝምተኛዋ ወንበር ሳበላት። አስተማሪዋ ፓስፖርቶቹን ይዛ መጨረሻ ገባች። መርማሪው የስጎውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«አጭር ነው» አለ። «ሁላችንም ደክሞናል። ይህ ዕቃ ረቡዕ ጠዋት በቅዳሜ ሰማያዊ ተዘግቶ ነበር፤ ቁራጩ ከቢጫው ሥር አለ። ከዚያ አንድ ሰው ከፈተው። ሲከፍተው ሰማያዊው ተቀደደ፤ የተቀደደ ስቲከር ደግሞ ሰው ያያል። ስለዚህ ልጦ አዲስ ለጠፈበት። ለምን ቢጫ?»

ቢጫውን በጣቱ ነካ።

«ኦቾሎኒውን የጨመረችው ልጅቷ ብትሆን እንደገና መክፈት ለምን አስፈለጋት? መጀመሪያውኑ ጨምራ ትዘጋው ነበር።»

«እኔስ?» አለ ምክትሉ። «ልቤ እስኪያርፍ ይንገሩኝ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ሰማያዊ ይለጥፋሉ። እዚህ ቤት ቢጫ ማለት ትናንት መጣል የነበረበት ምግብ ነው፤ ከመቶ ዕቃ መሀል ይጮሃል። ይህም ወጣት አንድ ወር ወጥ ቤት ሠርቷል፤ ስጠይቀው እሁድ አለኝ። ረቡዕ ለተሠራ ምግብ የረቡዕን የሚለጥፍ፣ ስቲከሩ የተሠራበትን ቀን የሚናገር የሚመስለው፣ ቅዳሜ የሚለውንም ስህተት ብሎ የሚያርም ሰው ነው። ማለትም በትምህርት ቤታቸው ደንብ የሚሠራ፣ የዚህን ቤት ደንብ ግን ማንም ያልነገረው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው። ረቡዕ ሁሉም ለእረፍት ሲወጣ እዚህ ነበረች፤ ኦቾሎኒውንም ጠዋት ጠዋት ከአንድ ከረጢት ትበላለች።»

ሁሉም ወደ ማን እንደሚያይ አወቀ፤ ግን ቶሎ ዞሮ ያየ የለም። መርማሪው ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ።

«ሼፉ ለትምህርት ቤቱ መጻፍ ጀምሮ ነበር። እዚያ የምታስተምረው ሴት በእህቷ ስምና በእህቷ ዲፕሎማ ነው የምታስተምረው ይላል። እህትየው የሼፉ የክፍል ጓደኛ ነበረች። ቀብሯ ላይ ቆሟል።»

አስተማሪዋ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች ነው። «የአንድ ስቲከር ነገር ነው?» አለች። «ማንም ሊሳሳት ይችላል።»

ያን ጊዜ ዝምተኛዋ ተነሳች። እጇን ክፍል ውስጥ እንደሚያወጡት አውጥታለች።

«ልክ ናት» አለች። «ምናልባት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ለጥፌ፣ ከዚያ ተጠራጥሬ ቢጫ ደርቤበት ይሆናል። አላስታውስም እንጂ… ቲቸር ይህን አታደርግም። ጋሼ፣ እኔ ነኝ በሉና ይብቃ።»

ዲፕሎማቱ ክንዷን ይዞ ሊያስቀምጣት ሞከረ፤ አልተቀመጠችም። አለቃው የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ምስክር ባለበት የተነገረ የእምነት ቃል። መርማሪው ግን ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ገልጦ አስተማሪዋን አያት።

«ተይ» አለች አስተማሪዋ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። «ተይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ያልሠራሽውን አትቀበይ።»

ለራሷ እንደምታወራ ተናገረች። እህቷ ተመርቃ በዚያው ዓመት ሞተች። እሷ ያኔ የሌላ ቤት አንሶላ ታጥብ ነበር። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ከሚበሰብስ ብላ ወሰደችው፤ ያላወቀችውን ሌት ተቀን አነበበች፤ ሃያ ዓመት አስተማረች፤ አንድም ተማሪዋ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

«እንዲታመም ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለች። «አንድ ሳምንት ቢተኛ እኛ ሄደን ነበር። በልጅቷ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ስህተት ነው ይባላል ብዬ…»

«ሲድን ይጽፈው ነበር» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «ይህን ያውቁ ነበር።»

አስተማሪዋ ፓስፖርቶቹን ሁለቱን ለዲፕሎማቱ ሰጠች፤ ሦስተኛውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ዝምተኛዋ ቀኑን ሙሉ ያላወጣችውን ለቅሶ አሁን ጀመረች፤ ምክትሉ ሌላ የሚያደርገው ነገር አጥቶ ውኃ ቀዳላት።

መርማሪው የአስተማሪዋን ቃል በአንድ ገጽ ጻፈው። ይህ ወረቀት ከተፈረመ ልጅቷ ነገ እኩለ ቀን ላይ ወደ አገሯ ትበራለች፤ ካልተፈረመ ግን አለቃው ገና የሚያምነው ከረጢቱን ነው። ወረቀቱን አዙሮ ሰጣት።

አስተማሪዋ ብዕሩን ይዛ ጎንበስ አለች። እጇ ከልማድ አንድ ፊደል ጀመረ፤ አቆመች፤ ሰረዘችው።

«የራሴን ነው አይደል?» አለች።

«የራስዎን።»

ፊደል እንደሚለማመድ ልጅ፣ አንድ ባንድ እየለቀመች፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ ጽፋው የማታውቀውን ስም ጻፈች።