ኩዋኒ ያላስረከበው ወንበር

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ሌሊት አልነበረም። ጫካም አልነበረም። ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቆርቆሮው በሙቀት የሚንጣጣበት ሰዓት።

ስሜ ኛሉዋል ይባላል። ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው የተማርኩት። ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ትዕግስት የለኝም።

ሥራዬን ላስረዳ። ዲማ ወረዳ ያሉ ወርቅ ቆፋሪዎች የሚያስገቡት ወርቅ በብሎክቼይን ይመዘገባል። መዝገቡ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በየከተማው ያሉ ኮምፒዩተሮች፣ እኛ ኖድ የምንላቸው፣ ተራ በተራ እያተሙ ይጠብቁታል። ማንም ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም። እያንዳንዱ ኖድ የሚያትምበት የራሱ ምስጢራዊ ኮድ አለው።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነው። አንድ ኮድ በሁለት ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ካተመ፣ ኔትወርኩ እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ እስከ መጨረሻው ያባርርሃል። ይግባኝ የለም።

የኛ አሮጌ ማሽን በሙቀቱ ስለደከመ አዲስ ተላከልን። ከአዲስ አበባ አለቃዬ ደወሉ።

"አንድ ተራ እንኳ ካመለጣችሁ ኖዱን ወደዚህ እናመጣዋለን። የጋምቤላ ሙቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም።"

"አያመልጠንም" አልኩ።

ኖዱ ከሄደ የዲማን መዝገብ ዓይኑን ሳይነቅል የሚጠብቅ የአገሩ ሰው አይኖርም። ይህን አልፈቅድም።

አሮጌውን ማሽን የተከለው ከእኔ በፊት የነበረው ኩዋኒ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት "ባሮ ታጥቤ ልምጣ" ብሎ ወጣ...

አልተመለሰም።

የማሽኑ ክፍል ቁልፍ በቀይ ክር አንገቱ ላይ ነበር። በሩን የከፈቱት ጓጉንቸሩን ሰብረው ነው።

ኩዋኒ ሁለት ልማድ ነበረው። ባተመ ቁጥር ከማኅተሙ ጋር በምትያያዘው የማስታወሻ ቦታ ላይ "አለሁ" ብሎ ይጽፍ ነበር። እኔ ሥራውን ስጀምር ቦታዋን ባዶ አደረግኳት። ደግሞም ተረኛው "ተረክቤያለሁ" ብሎ በአፉ ካልተናገረ ከወንበሩ አይነሳም ነበር። ይህን የነገሩኝ ዘበኛችን ጋሽ ኦሞት ናቸው።

ለእኔ ያስረከበ ሰው የለም።

ቅዳሜ ዕለት አሮጌውን አጠፋሁት። ኮዱን በፍላሽ ወስጄ ከውስጡ ደመሰስኩት።

"ጋሽ ኦሞት፣ ገመዱን ይንቀሉልኝ።"

"ነቀልኩ። እሱ ጡረታ ወጣ። እኔስ መቼ ነው?"

"እርስዎን የሚተካ ማሽን አልመጣም።"

ሳቁ።

አዲሱ ማሽን ለመነሳት ከጠበቅኩት በላይ ቆየ። ተራችን ደረሰ። በቃ አመለጠን ብዬ ጥርሴን ነከስኩ...

አላመለጠንም።

ስክሪኑ ላይ ማኅተም ገባ። የኛ ማኅተም።

ስልኬ ጮኸ። ወንዶሰን ነው፣ መቲ ያለውን ኖድ የሚጠብቀው ባልደረባዬ።

"አንቺ ጉደኛ! ምንም ሳይቋረጥ አዛወርሽው እኮ!"

"ወንዴ... ገና አላዛወርኩም።"

"ቀልድሽን ተዪ።"

"አሮጌው ተነቅሏል። ፍላሹ እጄ ላይ ነው።"



"ታዲያ ማን ነው ያተመው?" ድምፁ ወረደ።

"ማስታወሻው ላይ የተጻፈ አለ?" አልኩት።

"አለ።"

"ምን ይላል?"

"...አለሁ።"

ጋሽ ኦሞት እጃቸውን አሮጌው ማሽን ላይ አሳርፈው ነበር። ቶሎ አነሱት።

"ነይ ንኪው" አሉ በሹክሹክታ።

ከጠዋት ጀምሮ ሲፋጅ የዋለ ብረት ነው። ከጠፋ ገና ደቂቃዎች ናቸው። እኛ በላብ ተጠምቀናል።

ብረቱ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ከሥሩ ውሃ ጠብ ይላል። የወንዝ ጭቃ ይሸታል።

ተራችን እንደገና ደረሰ። ማኅተም ገባ።

አለሁ።

"ተዪው" አለ ወንዶሰን። "አዲሱን አታስነሺ። ሁለት ከሆናችሁ ትባረራላችሁ። አገልግሎቱ አልተቋረጠ... ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ኛሉዋል..."

"የዲማ ሰዎች ወርቃቸውን ያመኑት ለእኔ ነው። የሚያትምላቸውን ሳላውቅ ዞር አልልም።"

ጋሽ ኦሞት ወንበሩን እያዩ ነበር። ባዶውን ወንበር።

"እየጠበቀ ነው" አሉ። "ምን እንደሚጠብቅ ነግሬሻለሁ።"

ተናደድኩ። ሌላ ስም አትስጡት፣ ንዴት ነው። ወንበሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"ስማ ኩዋኒ። ፈርቼህ አይደለም። ሥራው የእኔ ስለሆነ ነው። ተረክቤያለሁ! በቃ፣ ተነስ!"

ወንበሩ ሲጥ አለ...

ሰው ሲነሳበት እንደሚለው።

ለማረጋገጥ ጊዜ አልነበረኝም። ተራችን ሊደርስ ነው። ካልለቀቀ ሁለት ማኅተም ይገባል፣ ያበቃልናል። ፍላሹን አዲሱ ማሽን ላይ ሰካሁ። አስነሳሁት።

ጠበቅን...

አንድ ማኅተም። አንድ ብቻ። ማስታወሻው ባዶ።

"ገባ" አለ ወንዶሰን። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ኖዱ ጋምቤላ ቀረ።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ኦሞት ክንዴን ያዙኝ። አዲሱ ማሽን ላይ፣ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ ተቀምጧል። ክሩ ይንጠባጠባል።

"አትንኪው።"

አነሳሁት። ተረክቤያለሁ ካልኩ ተረክቤያለሁ። አንገቴ ላይ አጠለቅኩት።

ዛሬም አላወለቅኩትም። ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ከተጣለ ቆይቷል፤ የሚከፍተው በር የለም።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ቁልፉ እስካሁን አልሞቀም።

ክሩም አልደረቀም...