ብቻውን የሚነሳው ኮምፒውተር

ሟቹ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ይሠራል።

መርማሪዋ ገና ሳሎኑ ውስጥ ሳትቀመጥ ድምፁን ሰማችው። ከግድግዳው ወዲያ ማራገቢያ ያጉረመርማል። ድንገት ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዲት አጭር «ጢጥ» ትሰማና ማራገቢያው እንደገና ይነሳል። ጥቁር የለበሰችው የሟቹ ሚስት ደንገጥ ብላ ቀና አለች።

«ሰሙት?» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው። በሩ ታሽጓል፣ ውስጥ ሰው የለም። ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ባሌ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ መተው አይሆንለትም ነበር።»

«ታናግሪዋለሽ?» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው አፈረች። «ምን ላድርግ? ግድግዳው ሥር ቁጭ እልና ያለውን የሌለውን እነግረዋለሁ። ሲነሳ የመለሰልኝ ይመስለኛል።»

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ዝግታ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ሥራው ኮምፒውተሮችን ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ከፋብሪካ ከወጡበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አንዲት ብሎን ለመፍታት ቀኑ አይበቃውም ይባልለታል። ስሙን ያወጣለት ሸሪኩ ነው። ሸሪኩ በመንገዱ ዳር ባለው ሱቅ ይሸጣል። ዝግታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ይሠራ ነበር። ከክፍሏ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ ይህ ሳሎን ነው።

ከሦስት ቀን በፊት ረፋዱ ላይ ዝግታ ማጅራቱ ተመትቶ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ ተገኘ። ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የታሰረውም እሱ ነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«አንቺስ እሱ ነው ትያለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበር፣ በአባታቸው ቤት የተነሳ። እኔ ምን አውቃለሁ?» ሚስትየው የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችው። «ትንሽ ልጅ ሆኖ ነው እጄ ላይ የገባው። እሱ ከሆነ ሁለቱንም ቀበርኳቸው ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳልወስድለት…»

ከወዲያ በኩል ማራገቢያው ያጉረመርማል።

የታሸገውን በር ኮንስታብሉ ከፈተላት። ክፍሏ የሞቀ አቧራ ትሸታለች። ወንበሩ እንደተገለበጠ ነው። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ኮምፒውተሩን ያላጠፋኸው ለምንድን ነው?»

«ማስረጃ ነው ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር።» ኮንስታብሉ ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ልናገር? መንካቱንም ፈርቼ ነው።»

ራም የሚባለውን የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደር የሚፈትን ፕሮግራም እስክሪኑ ላይ ይሮጣል። ከሥሩ ጊዜ ቆጣሪ አለ። ኬዝ ከሚሉት የኮምፒውተሩ ሣጥን ፊት አንዲት ፍላሽ ተሰክታለች።

ኮንስታብሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። «የዚያን ዕለት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያነሳሁት ነው። ቆጣሪው አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ሠርቷል ይላል። ስለዚህ ፍተሻው የተጀመረው አራት ከሁለት ላይ ነው፤ ሟች እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር። ሸሪኩ ሦስት ተኩል ላይ ወጥቷል፣ ዕቃ የሚያመጣላቸው አከፋፋይ ጋ ሲደርስ ያዩት አሉ። ወንድምየው አራት ከአምስት ላይ ገባ። ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ሐኪሙ ከሦስት እስከ አራት ተኩል ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል። ሌላ ማን ይቀራል?»

«አሁን ቆጣሪው ስንት ይላል?»

«ስድስት ደቂቃ።» ኮንስታብሉ ራሱን አከከ። «እሱማ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ በኬዙ የመስታወት ጎን ወደ ውስጥ ተመለከተች። አራት ራሞች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ ሁለቱ ራቁታቸውን የሆኑ አረንጓዴ፣ ሁለቱ ጥቁር የብረት ሽፋን የለበሱ። ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴዎች፣ አንዲት ስስ ምላጭና ባዶ ፖስታ አሉ። ፖስታው ላይ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ «የአርታኢዋ አሮጌዎቹ፤ ይመለሱ» ተብሎ ተጽፏል።

«ከዚያን ዕለት ወዲህ እዚህ ማን ገባ?»

«ሬሳውን ካነሱት ሰዎችና ከእኔ በቀር ማንም። ሸሪኩ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በሩ ታሽጎ ነበር።»

ሸሪኩ ሱቁን በግማሽ ከፍቶ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን አላረፈም።

«የኔ እመቤት፣ ዝግታ ለእኔ ከወንድም በላይ ነበር። ያ ከይሲ ወንድሙ…»

«ስትወጣ ምን እየሠራ ነበር?»

«ምንም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ራሞቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ይተክዛል። የተለመደ ነው! ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍሏን በዓይኔም አላየኋት፤ ሆዴም አይችል።»

መርማሪዋ መደርደሪያውን ቃኘች። «እኔም ቤት ያለውን ላሻሽል አስቤ ነበር። ምን ዓይነት ራም ትመርጥልኛለህ?»

የሸሪኩ ፊት በራ። «ብዛት ነዋ! ፍጥነት ምናምን የሚሉትን ይተዉት። አራት ማስገቢያ ካለ አራቱንም መሙላት ነው፤ ባዶውን ምን ይሠራል? አርታኢዋን አያዩም? አሁን አራቱም ሞልቶላት አንደኛ ማሽን ሆነላት።»

«ዝግታም እንዲህ ይመክር ነበር?»

«ኧረ እሱን ይተዉት! እሱ ዘንድ ራም መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይብሳል። ይሄ ከዚያ ጋር አይስማማም፣ ያ ከዚህ ጋር አይሄድም… ገበያተኛ ያባርርብኛል እኮ!» ሳቀና ሐዘኑ ትዝ ብሎት ሳቁን ዋጠ።

የኮምፒውተሩ ባለቤት የፊልም አርታኢ ናት። መርማሪዋ ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዳ አገኘቻት።

«ሁለት ምርጫ ነበረኝ» አለች አርታኢዋ። «ባሉኝ ሁለት ራሞች ላይ ሁለት መጨመር፣ ወይም አሮጌዎቹን አውጥቶ አብረው የተፈተኑ ሁለት ፈጣን መግዛት። እኔ መጨመሩ ይሻለኛል ስለው ተቆጣኝ። ‹ከቀላቀልሻቸው ሁሉም በደካማው ልክ ነው የሚሄዱት፤ አስገድጄ ላስሩጣቸው ብል ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ይጥሉሻል› አለኝ። አዲሶቹን ከሱቃቸው ገዛሁ። አሮጌዎቹን በፖስታ ሊመልስልኝ ነበር።»

«ሌላ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ደውሎልኝ ነበር። አዲሶቹ የተጻፈባቸው ፍጥነት ላይ አልደረሱም፣ አንድ ነገር አጣርቼ እነግርሻለሁ አለኝ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም።»

ታናሽ ወንድሙ ሰዓት ጠጋኝ ነው። እስር ቤቱ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ደብቋል።

«ጠዋት ደወለልኝ» አለ። «ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ! ‹ማጉያ መነጽርህን ይዘህ ና፤ ዓይኔ አላነብ ያለው ጽሑፍ አለ› አለኝ። እኔ ሊታረቀኝ ፈልጎ ሰበብ ያደረገው መሰለኝ። ሱቄን እንኳ በደንብ ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት።»

«ጩኸቱስ?»

«የእኔ ነው። እየጠራሁት ነበር። እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል።» ከዚያ ቀስ ብሎ «እትዬ ምን አለች?» ሲል ስለ ወንድሙ ሚስት ጠየቀ።

«አንተ ነህ አላለችም፤ አይደለህምም አላለችም።»

«እሱ ይብሳል» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው ከሳሎን በመጣ ወንበር ላይ፣ አርታኢዋ በሩ ጥግ፣ ሸሪኩ የግድግዳውን መደርደሪያ ተደግፎ፤ ወንድምየው በካቴና ከኮንስታብሉ ጎን። ሚስትየው ቀና ብላ አላየችውም።

«እንጠብቅ» አለች መርማሪዋ።

«ምን?» አለ ሸሪኩ።

«እሱን።»

ሸሪኩ ሊስቅ ሞከረና ተወው። ሃያ ደቂቃ ያህል የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ድንገት እስክሪኑ ጨለመ። ማራገቢያው ቆመ። አርታኢዋ የበሩን እጀታ ጨበጠች። «ጢጥ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እስክሪኑ በራና ፍተሻው ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው ጀመረ። ቆጣሪው ዜሮ ይላል።

«ኮንስታብል፣ ቆጣሪው አልተበላሸም» አለች መርማሪዋ። «ፕሮግራሙ ያለው ፍላሿ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ ይጀምራል። የሚቆጥረውም ከተነሳበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ነው። አንተ ፎቶ ባነሳህ ዕለት ቆጣሪው የነገረህ ሰው አዝራሩን የተጫነበትን ሰዓት ሳይሆን ማሽኑ መጨረሻ ጠፍቶ የተነሳበትን ሰዓት ነው። ሰው የተጫነውማ ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ሦስት ተኩል ሳይሞላም ሊሆን ይችላል።»

ኮንስታብሉ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ለምን ይጠፋል? አራት የማይስማሙ ራሞች ተጭነውበት በግድ እየሮጠ ስለሆነ ነው። ዝግታ አርታኢዋን አትቀላቅይ ብሎ የተቆጣ ሰው ነው። አሮጌዎቹን ፖስታ ውስጥ ከቷቸዋል፣ ፖስታው ላይ ጽፏል። ታዲያ ከፖስታው አውጥቶ የሰካቸው ማነው? ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ባዶ ቦታ የሚሞላ ሰው ነው። ሰዓት ጠጋኙ ራም ሰክቶ አያውቅም፤ የትኛው በየት እንደሚገባም አያውቅም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ስትወጣ ራሞቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍሏን አላየኋትም አልከኝ። ወዲያው ደግሞ ‹አሁን አራቱም ሞልቶላት› አልክ። ማን ነገረህ?»

«እኔ… እንዲያው ገምቼ…»

«ኮንስታብል፣ የወንድምየውን እጅ ፍታለት። ሲታሰር የተወሰደበትን ማጉያም ስጠው።»

መርማሪዋ አዝራሩን ተጫነች። ማራገቢያው ቆመ። ሚስትየው የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። መርማሪዋ ከጥቁሮቹ ራሞች አንዱን ነቅላ፣ ቀድሞም በምላጭ የተላቀቀውን ሽፋን ገልጣ ለወንድምየው አቀበለችው። እሱ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ።

«የፊተኛው ጽሑፍ ተፍቋል» አለ። «ከላዩ ሌላ ታትሞበታል። ጭረቱ በደንብ ይታያል።»

«ቀርፋፋ ራም ገዝተህ የፈጣን ልብስ ታለብሳቸዋለህ» አለች መርማሪዋ ሸሪኩን እያየች። «ገበያተኛ ሁሉ አላወቀብህም፤ የዝግታ ፍተሻ ግን አወቀብህ። የሚያነብለትን ሰው ጠራ፤ ለአንተም ነገረህ። አንተ ደግሞ የሚያነበው ሰው ሳይደርስ ሐሰተኞቹን ሁለት ማሽኑ ውስጥ ደበቅካቸው። ሲሠራ እንዳለ ወደቀ እንዲባል አዝራሩን ተጫንክና ሄድክ።»

ሸሪኩ መደርደሪያውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ገበያተኞቹን አንድ በአንድ ጠርቼ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ለምኜዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ! በዚያ በዝግታው ራሱን ነቀነቀ። ገፋ ነው ያደረግሁት… ብቻ ገፋ።»

ኮንስታብሉ በካቴና አስሮ ይዞት ወጣ። አርታኢዋ ተከትላቸው ወጣች።

በክፍሏ ጸጥታ ወረደ፤ ሦስት ቀን ያልነበረ ጸጥታ። ሚስትየው የጠቆረውን እስክሪን አየችው።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ማንን ሳናግር ነበር?» አለች።

መርማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ቀስ ብላ ወጣች።

ወንድምየው የተገለበጠውን ወንበር አቃንቶ፣ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ለእሱ የነገርሽውን እኔ አልሰማሁትም፣ እትዬ» አለ። «ለእኔ እንደገና ንገሪኝ።»

ሚስትየው የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች።

«መጀመሪያ እሱን የጠየቅኩት» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ብላ እያየችው፣ «ስላንተ ነው።»