የመሊካ ቋጠሮ

«በንጉሥ አምላክ፣ ቁም» አሉ እማማ ዘርፈሽዋል።

ደምመላሽ ባለበት ቀጥ አለ። እንዲህ ከተባለ በኋላ እግሩን የሚያነሣ ሰው በአንኮበር ገበያ አልነበረም፤ አሥራ አምስት በቅሎ የሚነዳ ሲራራ ነጋዴም ቢሆን።

መሊካ አጠገባቸው ቆማ ነበር። እሷም አሮጊቷም ከአሊዩ አምባ ደብረ ብርሃን ድረስ በበቅሎ ሊያደርሳቸው ቃል የገባላቸው መንገደኞች ናቸው። ዳገቱ ሥር አንዲት በቅሎ ስታነክስበት ግን እማማን አውርዶ ያነከሰችው የተሸከመችውን ጨው በእሳቸው በቅሎ ላይ ጫነ። ለጨው የራራ ልብ ለሰው አልራራም። ያን አቀበት ሁሉ በምርኩዝ ወጡት። ያየች መሊካ ብቻ ናት።

«ዳኛ ፊት እንቆማለን። ነጠላዬንና ኩታህን ያየ ሰው ይቋጥርልን» አሉ እማማ። ያለ ምስክር ቋጠሮ የለም፤ ያለ ቋጠሮም ክስ የለም፤ የተቋጠሩም ዳኛ እስኪፈታቸው አይለያዩም።

ደምመላሽ ወደ መሊካ ጠጋ አለ። «አላየሁም በዪ። ዳኛው የሚቀመጠው ነገ ነው። ነገ ካልተጓዝን ደግሞ እናትሽ ቅዳሜ ማለዳ ትነሣለች አላልሽም?»

ብላለች። እናቷ ከእንጀራ አባቷ ጋር ከጎጃም ለንግድ ደብረ ብርሃን መጥታ ልትመለስ ነው። እናትና ልጅ ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሌላ ሲራራ የሚነሣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያንን መንገድ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻዋን አትደፍረውም።

መሊካ የእናቷን ፊት አልረሳችም። ድምፅዋ ግን ጠፍቶባታል። ጸጉሯን ስትሠራት «ዝቅ በይ» ትላት ነበር፤ ያቺን አንዲት ቃል መስማት ናፈቃት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መማል ምን ይከብዳል?

«አልጫንሽም ልጄ» አሉ እማማ። «እናት መናፈቅን አውቀዋለሁ።»

መሊካ አቀርቅራ የአሮጊቷን ተረከዝ አየች። ተሰንጥቆ ደሙ አቧራ ላይ ደርቋል። 

ከዚያ የነጠላውን ጫፍ ያዘች። ደምመላሽ ረጅም ነው፣ እማማ አጭር፤ ኩታው አልደርስ አላት።

«ዝቅ ይበሉ፣ ጋሼ» አለችው።

ከአፏ የወጣው የእናቷ ድምፅ ነበር። እንባዋ መጣ፤ እጇ ግን አልቆመም። ሰውየው ጎንበስ አለላት፣ እሷም ቋጠሮውን አጠበቀች።